ቢጫ ጉሮሮ ያላት ወፍ

ሸዋ ሮቢት ሞቃት አገር ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስንሄድ፣ ጣርማ በርን ወርደን፣ ደብረ ሲናን አልፈን እናገኛታለን። ደጋው ላይ ጋቢ ደርበን ነበር። ሮቢት ስንደርስ ጋቢውን አውልቀን በክንዳችን ያዝነው። ሽንኩርቱ፣ ማሾው፣ ማሽላው፣ ፓፓያው ሁሉ የይፋት ቆላ በረከት ነው። ሙቀቱን ግን እስካሁን አልለመድነውም።

እኛ አስተማሪዎቹ ያረፍነው በአንዲት እናት ቤት ነው። በጓሮው ፓፓያና የሽንኩርት መደብ አለ። በመጋቢት፣ የበልግ ዝናብ ጣል ባደረገ ማግስት፣ ጧት ከፓፓያው ላይ ዜማ ሰማን። ወጥተን አየን። አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። ላባዋ አመድማ፣ ጉሮሮዋ ግን ቢጫ ነው።

የቤቱ ልጅ ወንጭፉን አነሣ።

«ግሪሳ መጣ!» አለ።

እናቱ እጁን ያዙት። «ማሽላ በሌለበት ወር ምን ግሪሳ አለ? ግሪሳስ ብቻውን መጥቶ ያውቃል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ግሪሳ የሚመጣው በመንጋ ነው። እህሉንም ይጨርሳል። ይቺ ግን ብቻዋን ናት።

እኛም ያነበብነውን ነገርናቸው። በዚሁ በይፋት ቁልቁለት፣ በአልዩ አምባ በኩል፣ ቢጫ ጉሮሮ ያላት ወፍ አለች። ሳልቫዶሪ የተባለ የኢጣልያ ምሁር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ምሁራን አላገኟትም። እንዲያውም «የሁለት ወፎች ዲቃላ ናት እንጂ ራሷን የቻለች ዘር አይደለችም» ያሉ ነበሩ። በ1989 ግን እዚያው አካባቢ እንደገና ታየች። ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ቁጥሯም ጥቂት ስለሆነ እንዳትጠፋ ያሰጋል።

እናታችን ሳቁ። «መቶ ዓመት ሙሉ አንድ እረኛ አልጠየቁም?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

የጓሮዋ ወፍ ያቺው ናት ብለን አንምልም። ቢጫ ላባ ያላቸው ዘመዶች አሏት። ያየ ሰው ግን ቀኑንና ቦታውን ቢጽፍ ለሚፈልጓት ይጠቅማል አልናቸው።

እናታችን ፊደል ከለዩ ገና ሦስት ወራቸው ነው። ደብተር አወጡ። ቀስ ብለው እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«መጋቢት 12። ፓፓያ ላይ። ጉሮዋ ቢጫ ወፍ።»

አንዷን «ሮ» ረስተዋታል። ያረማቸው ልጁ ነው፤ ወንጭፉ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።