ስም ቢበዛ ተጠያቂው አንድ ነው

በሀገራችን አንድ ሰው ብዙ ስም ይዞ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም። እናቱ በቤት የምትጠራው በአንድ ስም ነው፤ ካህኑ በጥምቀት ጊዜ የሚያወጣለት ሌላ ስም አለ፤ የጦር ሰው የሆነ እንደሆነም በፈረስ ስሙ ይጠራ ነበር። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላም አባ ታጠቅ መባላቸው አልቀረም። ዳሩ ግን ሁሉም ስም የማን እንደሆነ ይታወቅ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የሠሩትን በሌላው መሸሸግ አይቻልም ነበር።

እኛ የዛሬ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞችም በእጅ ስልካችን ላይ ሦስት ሰው ሆነን እንገኛለን። በአንደኛው የቴሌግራም አካውንት የቢሮ ሰው ነን፤ ፎቶግራፋችንም ባለ ክራባት ነው። በሁለተኛው ከዘመድ ጋር የልደትና የለቅሶ ወሬ እንቀባበላለን። ሦስተኛው፥ በቀድሞ ስልክ ቁጥራችን የከፈትነው፥ ፊት የሌለው የብዕር ስም ነው፤ ማታ ማታ ቀልድ እንጽፍበታለን። ለዘመድ የተጻፈው ለአለቃ እንዳይደርስ እንጠነቀቅ ነበርና፥ ይህን ካደረግን ሌላ የሚያሰጋን ነገር ያለ አልመሰለንም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ ወደ መስኮታችን ቀርበው ቅጽ መሙላት ቸገራቸው። ዕለቱ በሚጻፍበት ቦታ ዕድሜያቸውን ጻፉ። አፍረውም «ፊደል የቆጠርሁት ከ60 ዓመቴ በኋላ ነው» ብለው በጆሯችን ነገሩን። እኛም በትሕትና አስተካክለን ሸኘናቸው። ማታ ግን በብዕር ስማችን ነገሩን አጣፍጠን ጻፍነው፤ ብዙ ሰውም ሳቀ። ስማቸውን አላነሣንምና ማንንም አልበደልንም ብለን ተኛን።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌው ተመልሰው መጡ። «ልጄ፥ የልጅ ልጄ ከስልኩ ሲያነብ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ሰውየው እኔው መሆኔን ዐወቅሁ። ያን ነገር ላንተ ብቻ ነበር የነገርሁት፤ ለማን ነገርኸው?» አሉን።

«አላውቅም» ብንል የብዕር ስሙ ይሸሽገን ነበር። ነገር ግን ዓይናቸውን እያየን መዋሸት አቃተን፤ «የጻፍነው እኛው ነን፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ያን ዕለት ቅጹን በትሕትና የሞላልኝ ማን ነበር?» ብለው ወጡ።

ጽሑፉን በዚያው ዕለት ደመሰስነው፤ ነገር ግን አንባቢዎች ወደ ሌላ ቦታ ያሻገሩትን መሰብሰብ አልቻልንም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲደነገግ፥ ለአንድ ሰው አንድ ባለ12 አኃዝ ቁጥር ብቻ እንዲኖረው ሆኗል። ኅሊናም እንደዚሁ አንድ ብቻ ነው። የቢሮን ጉዳይ ከቤት ጉዳይ መለየት ተገቢ ነው፤ የብዕር ስም መያዝም ነውር አይደለም። ነውሩ በአንዱ ስም አደራ ተቀብሎ በሌላው ስም መሸጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየትኛውም ስም ከመጻፋችን በፊት፥ ያን ነገር በመስኮቱ ፊት ለፊት ለሽማግሌው ልናነብላቸው እንደፍር እንደሆነ ራሳችንን እንጠይቃለን።