ንጉሡ ስንት ቤት ይሄዳል?

ጎበዝ! «በዳማ ደግሞ ሰው ይጣላል እንዴ?» ብላችሁ እንዳትስቁ። ይጣላል! እኔ ባደግኩባት ኢተያ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጡ መንገድ ላይ በምታገኟት ከተማ፣ ዳማ ማለት አንድ ካርቶንና 24 ቆርኪ ነው። አንዱ ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ይደረድራል፤ 12 ለ12። ከዚያማ ሰላም ነው… ንጉሥ እስኪወጣ ድረስ!

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚያው ኢተያ አንድ ባጃጅ በፈረቃ የሚነዱ ሁለት ጓደኛሞች አውቃለሁ። አንዱ ከጠዋት እስከ ምሳ፣ ሌላው ከምሳ በኋላ ይሠራሉ። አንድ እሁድ የተሸነፈ ሻይ ሊጋብዝ ተስማምተው ተቀመጡ። የአንደኛው ቆርኪ ጫፍ ደረሰና ነገሠ። በሚቀጥለው ተራ ካርቶኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የጓደኛውን ቆርኪ ላጥ!

«ምን እያደረግክ ነው? ንጉሥ ወደ ኋላም ይሄዳል እንጂ የሚራመደው አንድ ቤት ነው!»

«ማን አለህ? መንገዱ ክፍት ከሆነ እስከ ፈለገበት ይሄዳል!»

ቆርኪው ተበተነ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። የባጃጁን ቁልፍ እንኳ የሚቀባበሉት በባለሱቋ በኩል ነበር።

ታዲያ ትክክሉ ማነው? ሁለቱም! በእንግሊዝና በአሜሪካ ዳማ ንጉሥ የሚራመደው አንድ ቤት ብቻ ነው። በሩሲያ ዳማና 100 ቤት ባለው ዓለም አቀፉ ዳማ ግን መስመሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ርቆ ሄዶ ይበላል። አንደኛው ዳማ የለመደው አሰላ፣ ሌላው አዳማ ነው። ሁለቱም የያዙት ያስተማራቸውን ሰው ሕግ ነው። የዋሸ የለም።

መጽሐፍ ቢኖራቸው ኖሮ አይጣሉም ነበር እንዳትሉ። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ «ዋርሃመር 40,000» የሚባል ጨዋታ አለ። ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ ወታደሮችና ታንኮች የሚዋጉበት ነው። ወፍራም የሕግ መጽሐፍ አለው፤ ጭቅጭቁ ግን አይጣል ነው! «ይህ መድፍ ወደዚያ ይተኩሳል፣ አይተኩስም?» በቀድሞዎቹ ሕጎች ታንኩ አናት ላይ የሚሽከረከረው መድፍ ዙሪያውን 360 ዲግሪ ይተኩሳል። ፊት ለፊቱ ላይ የተገጠመው ግን 45 ዲግሪ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ተጫዋቾቹ ሲከራከሩ ከመድፉ ጀርባ ጎንበስ ብለው በአፈሙዙ አቅጣጫ ያያሉ። አሁንም ካልተስማሙ ዳይስ ይጥሉና ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ስምንተኛ እትም ደግሞ የአቅጣጫውን ገደብ ጭራሽ አነሱትና ተገላገሉ።

ወደ ባለባጃጆቹ ልመለስ። ያስታረቋቸው ሰፈሩ «አባባ» የሚላቸው ጫማ ሰፊ ናቸው። መጀመሪያ፣ «ቆርኪውን ከመደርደራችሁ በፊት ስለ ንጉሡ ተነጋግራችኋል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም ዝም። «እንግዲያው ሕግ የላችሁም። ያላችሁ ፍላጎት ነው» አሏቸው። ቀጥለውም ቦታ አቀያየሯቸውና፣ «ያ ንጉሥ የሱ ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ ትፈርድ ነበር?» ብለው አንድ በአንድ ጠየቁ። መልስ የሰጠ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን ሁለቱም ሳቁ።

እኔ እንደሚመስለኝ ጉዳዩ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ቆርኪው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሕግ የሚተረጉም ሰው፣ ሳያውቀው የሚተረጉመው ከራሱ ወንበር ሆኖ ነው። ስለዚህ ቤት ተጋርታችሁ ስትከራዩ፣ ዕቁብ ስትጀምሩ፣ ፍቅር ላይም ቢሆን፣ ንጉሡ ስንት ቤት እንደሚሄድ ገና ማንም ሳይነግሥ ተነጋገሩ። ረስታችሁ ከተጋጫችሁ ደግሞ ተነሡና ጓደኛችሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ከዚያም ካልታያችሁ ሳንቲም ጣሉ። የአንድ ሻይ ዋጋ ነው፤ ጓደኛ ግን በሻይ ዋጋ አይገዛም።

በሉ፣ መልካም ጨዋታ!