ውጤት የማይጠይቅ ደቦ

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። "ቲቸር፣ ያቺ ሌሊት ሌሊት የምትሠራው አሮጌ ኮምፒውተር ምንድን ነው ሥራዋ? ክፍያውስ ስንት ነው?" ነው ጥያቄው። ሁለተኛውን ላስቀድም። ክፍያ የለውም። አንድ ሳንቲም የለውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው። ኮምፒውተሯን የገዛኋት ለመለዋወጫ ከተከመሩ አሮጌ ዕቃዎች መሀል ነው። ኮር ቱ ዱዎ ናት፣ ራሟ 4 ጊጋ። አቧራዋን አራገፍኩ፣ ፓወር ሳፕላይዋን ቀየርኩ፣ ዊንዶውስ ስለከበዳት ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫንኩባት። ከዚያ ቦይንክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አስገባሁባት። የሠሩት በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

ሐሳቡ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ ደቦ ነው። ገበሬው ብቻውን ቢሆን ሳምንታት የሚፈጅበትን አጨዳ ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ይጨርስለታል። ተመራማሪዎችም አንድ ኮምፒውተር ብቻውን ቢይዘው ዕድሜ ልኩን የማይጨርሰው ስሌት አለባቸው። ስለዚህ ይቆራርጡትና በየአገሩ ላሉ ፈቃደኞች ቁራሽ ቁራሽ ያድላሉ። የእኔዋም ድርሻዋን በኢንተርኔት ትቀበላለች፣ ታሰላለች፣ መልሱን ትልካለች። በቃ ይኸው ነው።

ይህን ነገር ዓለም ላይ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ሴቲ አት ሆም ነው። ፖርቶ ሪኮ ከነበረው ግዙፉ የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የተቀዳ የሬዲዮ ሞገድ ለሰው ኮምፒውተር እየታደለ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ምልክት ይኖር እንደሆነ ይፈተሽ ነበር። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበታል። በ2020 ሥራ ማደሉን አቆመ፤ ከሌላ ዓለም የመጣ መልእክት አልተገኘም። ግን ቦይንክ የተወለደው ከዚያ ሥራ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሌሎች ፕሮጀክቶች ይጠቀሙበታል።

የእኔዋ የምትሠራው ለአንስታይን አት ሆም ነው። በ2010 ይህ ፕሮጀክት በራሷ ዙሪያ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል የምትሽከረከር የሞተች ኮከብ ቅሪት አገኘ። ፐልሳር ይሏታል። ያገኟት ኮምፒውተሮች የነማን ነበሩ? የአንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት እና ጀርመን አገር ያለ የአንድ ሰው። ከባልና ሚስቱ አንዳቸውም የሥነ ፈለክ ባለሙያ አይደሉም።

"ለኛ አገር ይሆናል ወይ?" ለምትሉ፣ ይሆናል። መብራት ሲሄድ ሥራው ከዜሮ አይጀምርም። ሶፍትዌሩ በየመሀሉ የደረሰበትን መዝግቦ ያስቀምጣል፣ መብራት ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል። ኢንተርኔትም ሲቀበልና ሲልክ ካልሆነ በቀር አይፈልግም። በመሀል ለሰዓታት ቢጠፋ ግድ የለውም።

የመብራቱ ወጪስ? ይህን የጠየቀችኝ ባለቤቴ ናት፣ ካርድ ቆጣሪ የምትሞላው እሷ ናትና ልክ ነች። ቁጭ ብለን አሰላነው። ኮምፒውተሯ 80 ዋት ትወስዳለች እንበል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት፣ 6 ሰዓት ብትሠራ በወር 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። የእንጀራ ምጣዳችን 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ፣ በወር አራት ሰዓት ተጨማሪ እንጀራ እንደመጋገር ማለት ነው። "ለማናውቀው ሰው አራት ሰዓት እንጀራ እየጋገርክ ነዋ" አለችኝ። አዎ፣ ነው። ከዚያ ሰዓት ላታሳልፍ ተስማማን፤ ካርዱ ባለቀበት ወር ደግሞ ኮምፒውተሯ ታርፋለች።

ታዲያ ምን አስቸገረኝ? እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ከመቶ ልጅ 97ቱ ገደማ ያን ውጤት አላመጣም። ከነሱ አንዱ ኮምፒውተሯን ስፈታ ብሎን ይይዝልኝ የነበረ ተማሪዬ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ሳስረዳው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ገንዘብ አልነበረም። "ቲቸር፣ ለመግባት ውጤት ይጠይቃል?" ነው ያለኝ።

አይጠይቅም። የእኔንም ዲፕሎማ ማንም አላየውም። የሚታየው የላክኸው መልስ ትክክል መሆኑ ብቻ ነው። አንዱ ቁራሽ ሥራ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ኮምፒውተር ይሰጥና መልሶቹ ይመሳከራሉ፤ ከተስማሙ ይያዛል፣ ካልተስማሙ ለሦስተኛ ይላካል። ልጁ በራሱ ስም አካውንት ከፈተ። ከቀናት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ተመሳክሮ "ትክክል" የሚል ሲመጣለት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለእናቱ አሳያቸው። ያን ቀን ስለ ፈተና አንድም ቃል አላነሳም።

ኮከብ አገኘ አልልም፣ አላገኘም። ሥራም አላስገኘለትም። አሮጌ ኮምፒውተር አዲሶቹ በሰዓት የሚጨርሱትን ቀኑን ሙሉ እንደምትጎትትም አውቃለሁ። ግን ሥራው ከተቆራረጠ ትንሿም ማሽን ቦታ አላት፤ ይህን ልጁ ከእኔ አፍ ሳይሆን በዓይኑ አይቶ ነው ያመነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት "ትችላላችሁ" እያልኩ ነበር፣ እንደዚያ ሲሰማኝ ግን አላየሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለወጣቶቹ። በቴሌግራም "ኮምፒውተርህን አብራ፣ በቀን ይህን ያህል ዶላር ውሰድ፣ መጀመሪያ ግን ይህችን ክፈል" የሚሏችሁ ሌላ ነገር ናቸው። በጎ ፈቃድ ሥራ መግቢያ አያስከፍልም፣ ትርፍም አይሸጥም። ሶፍትዌሩን ከራሱ ከቦይንክ ገጽ ብቻ አውርዱ። የትምህርት ቤትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ አትጫኑ። ላፕቶፕ ከሆነም በሙሉ አቅም አታሠሩት፣ ይግላል፤ ግማሹን እንዲጠቀም ማስተካከል ይቻላል።

አልጋ ሥር የተቀመጠ፣ "አይሠራም" የተባለ ዴስክቶፕ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ይዛችሁ ኑ። አብረን እንፈታዋለን። ብዙ ጊዜ ችግሩ አቧራ ወይም ራሙ ነው። የመብራት ካርዱን ግን እናንተ ትሞላላችሁ 😄