ወደ ሌላ ከተማ ስለ መሄድ

ልጆች ሆይ፤ ሰው የኖረበትን ስፍራ ትቶ ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ባሰበ ጊዜ ብዙ መካሪ ያገኛል። አንዱ «ሂድ፤ በዚያ የማይገኝ ነገር የለም» ይለዋል። ሌላው «ተቀመጥ፤ በዚያ ያለ ገንዘብ ውኃም አይጠጣም» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ነገር ግን ኪራዩን የሚከፍለው፣ ጓዙንም የሚሸከመው መካሪው አይደለም።

እኔ በደብረ ብርሃን አስተማሪ ነኝ። በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ በአዲስ አበባ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። ወደዚያ ብሄድ ደመወዜ በሢሶ እንደሚጨመር ተጽፎበት ነበር። የሁለቱ ከተሞች ርቀት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ነገሩ በመጀመሪያ ቀላል መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ወረቀት አምጥቼ የማገኘውን በቀኝ፣ የማጣውን በግራ ጻፍሁ።

በግራ በኩል የቤት ኪራዩ ብቻውን ጭማሪውን ሁሉ ዋጠው። ዛሬ የምኖረው በገዛ ቤቴ ነው፤ ወደ ሥራዬም በእግሬ እሄዳለሁ። በዚያ ግን ጧትና ማታ አውቶቡስ ስጠብቅ የሚያልፈውን ሰዓት በደመወዝ የሚመልስልኝ የለም። ሃያ ዓመት ያዋጣሁበት እድርም ከጓዝ ጋራ አይጫንም። በቀኝ በኩል ያለውም ትንሽ አልነበረም። ትልቁ ልጄ ሥዕል ይወዳል፤ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለው በአዲስ አበባ ነው። የእናቴን ዓይን የሚያክመው ሐኪምም በዚያው ነው።

ይህን ስመዝን የአዲስ አበባን የራስዋን ታሪክ አሰብሁ። ዐፄ ምኒልክ አስቀድሞ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተማ አድርገው ነበር። ተራራው ጠላትን ለመከላከል ይመቻል፤ ነገር ግን ብርዱ ይበረታል፣ ውኃና ማገዶም ይቸግራል። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው በታች ያለውን የፍልውኃን ሜዳ ወደዱ። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ገና ሊነሡ አስበው በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን መሥራት ጀመሩ። በዚያ ዘመን ግን የአውስትራልያው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ተተከለ። ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። (ውኃ ጠጪ ነው ብለው የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።) ማገዶ ተገኘ፤ ከተማይቱም ሳትነሣ ቀረች። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ ወረቀቴን እንደ ገና አነበብሁትና የሚጎድለኝ እዚሁ ሊተከል የሚችል ነውን፣ ወይስ አይደለም ብዬ ጠየቅሁ። መጻሕፍት ይጎድሉኛል፤ መጻሕፍት ግን ሊላኩልኝ ይችላሉ። ሐኪሙን የምንፈልገው በየሦስት ወሩ ነው። የሥዕል ትምህርት ቤትን ግን እኔ በደብረ ብርሃን ልተክለው አልችልም።

በመጨረሻ እናቴን ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል። እዚህ ግን ከደጄ እስከ ገበያ ያለውን ድንጋይ ሁሉ እግሬ ያውቀዋል፤ ጎረቤቶቼንም በድምፃቸው እለያቸዋለሁ። እዚያ ዓይኔ ቢበራ እንኳ ማንን አይበታለሁ?» አለችኝ። ይህ ነገር በወረቀቴ ላይ በቀኝም በግራም አልተጻፈም ነበር።

ለትምህርት ቤቱ አመስግኜ እንደማልመጣ ጻፍሁለት። ልጄ ግን የመግቢያውን ፈተና ካለፈ በመስከረም ይሄዳል፤ አክስቱ ዘንድም ያድራል። እናቴን ወደ ሐኪም የምወስድበትንም የመንገድ ገንዘብ በሣጥን ውስጥ ለብቻው አኑሬዋለሁ።