ብትቀሪ ማን ያውቃል?

ልጅ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ዘመድ ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ገባ?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ «ስንት ይከፍሉታል?» ይመጣል። ጥያቄው አይከፋም። የታክሲው፣ የምሳው፣ የቤት ኪራዩ ነገር በየወሩ እየጨመረ ባለበት ጊዜ ደመወዝ የቀልድ ነገር አይደለም። እኔ ግን የመጨረሻ ልጄ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ሌላ ጥያቄ ይዤ ከርሜአለሁ፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ልጄን ከሰው የሚቆጥራት አለ ወይ?

ልጄ የተመረቀችው በአካውንቲንግ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፋለች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ቤት ተቀመጠች። «ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ኦሪጅናልና ኮፒዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ለሁለት ቦታ የተሰለፈውን ሰው አይታ ትመለሳለች። በመጨረሻ አንድ የግል አስመጪ ድርጅት በጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ተቀበላትና ተያዥ አምጪ ተባለች። ገንዘብና ንብረት አጠገብ የሚቀመጥ ሠራተኛ ተያዥ ሲጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ወንድሜ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ዋስ ሆነላት። ያን ዕለት የታዘብኩትን ልንገራችሁ፤ ልጅቷ ገና ወንበር ሳታገኝ ከአሠሪዋ የሰማችው የመጀመሪያ ጥያቄ «ብታጠፊ ማን ይከፍላል?» የሚል ነው።

ወንበሩም ቢሆን አልመጣም። የቀረ ሰው ካለ በእሱ ቦታ ትቀመጣለች፤ ሁሉም ከገቡ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ትውላለች። ስሟን የሚያውቀው ፋይሏ ብቻ ነው፤ ሁሉም «አዲሷ» ይሏታል። ሥራዋ ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል መደርደርና ኮፒ ማድረግ ነው። ለምን እንደሚደረደር፣ ከእሷ እጅ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የነገራት የለም። ማታ ስትገባ «እንዴት ዋልሽ?» ስላት «ደህና» ብላ ወደ መኝታዋ ነው። አንድ ማታ ግን እራት ላይ፣ «እማዬ፣ ነገ ብቀር ማን የሚያውቅ ይመስልሻል? ሻይ የምታፈላዋ ብቻ፤ አንድ ስኒ ስለሚተርፋት» አለችኝ። ሳቅን። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ አንድ ዓመት ሠልጥነን ዕጣ ስናወጣ መንዝ ደረሰኝ፤ ከመሐል ሜዳ ወርዶ በእግር የሚኬድበት ትምህርት ቤት። ዕድሜዬ 19 ነበር። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በገባሁ በሳምንቱ አንዲት እናት «መምህርቷን ብርድ እንዳይመታብን» ብለው የገዛ በጎቻቸው ጠጉር የተሠራ ባና ተሸክመው መጡ። አባቴን የሚያህሉ ሰዎች ሳልፍ ከተቀመጡበት ይነሣሉ፤ አንቱ ይሉኛል። ገና አንድ ፊደል ሳላስቆጥር ነው ይህ ሁሉ። ደስ ይላል፤ ያስፈራልም። ያን አንቱታ የሚመጥን ነገር ይዤ ለመቅረብ ስል ስንት ሌሊት በኩራዝ ስዘጋጅ እንዳመሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደግሞ ነገሩን እንዳላሳምረው። ደመወዜ 230 ብር ነበር፤ እሱም ስሜ ከአውራጃው ፔሮል እስኪገባ አራት ወር አልመጣም። ስኳርና ላምባ በዱቤ የሰጠኝ ባለሱቅ ባይኖር ኖሮ አንቱታው አያበላኝም ነበር። ርእሰ መምህሩ ክፍሌ ገብቶ ሳስተምር ያየኝም ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የግምገማ ቅጽ መሙላት ሲኖርበት ነው። የመንዝ ገበሬ ያወቀኝን ያህል አለቃዬ አላወቀኝም።

በማኅበር ላይም በለቅሶ ቤትም «የዛሬ ልጆች ትዕግሥት የላቸውም፤ ገብተው ሳይውሉ ሳያድሩ ይለቃሉ» ሲባል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። እኛስ ትዕግሥተኞች ሆነን ነው ወይስ መሄጃ ስላልነበረን? መንግሥት መደበን፤ መልቀቂያ ካልያዝን ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀበለንም። ስለዚህ ቆየን። ቆይተን ሥራውን የወደድነው ብዙ ነን፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ 41 ዓመት ጠመኔ ይዣለሁ። ሳይወዱት ተቀምጠው ያረጁትንም ግን በስም አውቃቸዋለሁ።

ልጄ «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ስትለኝ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን አውጥቼ አነበብኩ። የመምህር አመል ነው፤ ነገር ሁሉ ከመጽሐፍ ይጀምራል። አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። ሰው የሚያስታውሰው አሠሪው በዚያ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት መቻሉን ነው። ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። «አንቺ ብቻ አይደለሽም በሙከራ ላይ ያለሽው፤ እነሱም ናቸው» አልኳት። ቆዪም ልቀቂም አላልኩም። «ብቻ ደረሰኙ ካንቺ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ» አልኳት።

አለቃዋን ጠየቀች፤ «አትቸኩይ» ተባለች። የመለሱላት ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው። እሷ ጋሼ ትላቸዋለች። ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘን አስገብተው አሳዩዋት። ደረሰኙ ወሩ ሲዘጋ ከጉምሩኩ ዲክላራሲዮንና ከመጋዘኑ ገቢ ጋር ይመሳከራል። አንዱ ወረቀት ከጠፋ ድርጅቱ የከፈለውን ቫት ማቀናነስ አይችልም። ማታ መጥታ የአንዲት ቁራጭ ወረቀት 15 በመቶ ስንት ብር እንደሆነ በስልኳ እያሰላች ስታሳየኝ ፊቷ በርቶ ነበር። ወንበር አልተሰጣትም፤ ደመወዟም ያው ነው። ወረቀቱ ግን የበፊቱ ወረቀት አልነበረም። ባለቤቴ «ደመወዝ ገባ ወይ?» ከማለት በቀር ስለ ሥራዋ ነገር አይጠይቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማታ በሩን ስትከፍት «ቫቱ እንዴት ዋለ?» ይላታል። እሷም ታወራዋለች።

በአራተኛው ወር ጉንፋን ጣላትና ከሥራ ቀረች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ያለፈው ወር ፋይል የት ነው? የመሳቢያው ቁልፍ ማን ጋ ነው? ባንክ የሚላከውን ማን አዘጋጀው? «አየሽ፣ መቅረትሽ ታወቀ!» አልኳት ደስ ብሎኝ። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ስባ፣ «የፈለጉት ፋይሉን ነው እኮ እማዬ» አለችኝ። እውነቷን ነው። መፈለግና መከበር ለየቅል ናቸው፤ መጥረጊያም ሲጠፋ ይፈለጋል። ወደ ማታ አራተኛ ስልክ ተደወለ። ጋሼ ናቸው። በስሟ ጠርተው «ተሻለሽ ወይ ልጄ?» አሏት፤ ስለ ፋይል አንድም ቃል አላነሡም።

ሰሞኑን ሌላ ድርጅት በወር 3,000 ብር ብልጫ ጠርቷታል። ለቃለ መጠይቅ ሄዳ፣ እነሱ ጠይቀው ሲጨርሱ እሷ በተራዋ ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ሥራዋ በጽሑፍ ይሰጣት እንደሆነ፣ የሚያለማምዳትስ ማን እንደሆነ። የመጀመሪያውን «ይሰጥሻል» አሏት። ለሁለተኛው እርስ በርስ ተያዩ። ገና አልወሰነችም፤ እኔም አላጣድፋትም። ወሬውን የሰማው ወንድሜ ግን ትናንት ደውሎ፣ «እዚያም ተያዡ እኔ ነኝ? በይ መጀመሪያ ከፊተኛው ዋስትና አስወጪኝ» ብሏታል።