ጥላው ብቻ የቀረ ቃል

ቃሉን ያጠፈ ሰው ያፍራል፤ ቃሉን የረሳ ሰው ግን ከማፈር አልፎ መሳቂያ ይሆናል። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በሊኑክስ በሚሠራው አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ የግዕዝ ፊደላት ጥቅል ልጭን ብነሣ፣ ማሽኑ የ«ሩት»ን የይለፍ ቃል አምጣ አለኝ። ሩት ሲባል መጀመሪያ በሐሳቤ የመጣችው በቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ የምትለቅመው ሞዓባዊት ነበረች፤ የዚህ ሥርዓት ሩት ግን ትርጓሜው ሥር ነውና ቃርሚያ ለቃሚ ሳይሆን የእርሻውም የአውድማውም ጌታ፣ ሁሉን ማድረግ የተፈቀደለት፣ መለያ ቍጥሩም 0 የሆነ ንጉሥ ነው። የግዕዝ አኃዝ ከ፩ ስለሚጀምር፣ ለዚህ ንጉሥ ማኅተም የሚቀርጽ ቁም ጸሐፊ በአገራችን አይገኝም።

ቃሉን ከ3 ዓመት በፊት ያወጣሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። የክርስትና ስሜን ሞከርሁ፤ የሞተውን ውሻዬን ስም ሞከርሁ፤ (በዚህ ሥርዓት ቃሉ ሲጻፍ የኮከብ ምልክት እንኳ ስለማይታይ፣ ሰው በጨለማ እንደሚጸልይ ሆኖ ነው የሚጻፈው)፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ ተሳስተሃል ነው። ልፋፈ ጽድቅ አብሯት እንዲቀበር የተናዘዘችው አያቴ ብታየኝ፣ ቃሉን በብራና አስጽፈህ ለምን አንገትህ ላይ አላሰርኸውም ባለችኝ ነበር።

የእህቴን ልጅ አስጠርቼ፣ «ማሽኑ ያውቀዋልና ጠይቀህ አውጣልኝ» ብለው፣ «ጋሼ፣ እሱም አያውቀውም» አለኝ።

በዚህች መልስ ላይ ብዙ ቆየሁ። ለካ የማሽኑ ዘበኛ የሚያመሳክረው የቃሉን ጥላ እንጂ ቃሉን አይደለም፤ ጥላው የሚቀመጥበት ፋይልም ስሙ «ሻዶው» ነው፣ ጥላ። ቃሉ ገና ሲሰጥ በስሌት ይፈጭና፣ ዱቄት ተመልሶ ስንዴ እንደማይሆን ሁሉ፣ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ሆኖ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ያመጣው ቃል እንደገና ይፈጭና ዱቄት ከዱቄት ይተያያል። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል ጨው ይነሰነስበታል፤ የጥበቡ ስም በእርግጥ ጨው ነው፣ ያን ጊዜም 4096 ዓይነት ነበረ። አሞሌ ቈጥሮ የተገበያየ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ይህን ጨው ሳላውቅ መሸምገሌ አስቈጨኝ።

እንግዲህ የጠፋ ቃል አይገኝም፤ ይተካል እንጂ። ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣውና፣ ግራብ የሚባለው የመነሻ ዝርዝር ብቅ ሲል አንዲት ፊደል ተጭኖ ከፈተው፤ «ማንበብ ብቻ» የሚለውን ትእዛዝ «ማንበብም መጻፍም» ወደሚለው ለወጠ፤ በመስመሩ ጫፍም አንድ ሐረግ ጨመረ። ሐተታው እንዲህ ነው፤ ማሽን ሲነቃ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ፣ ቍጥሩ 1 የሆነ እልፍኝ አስከልካይ አለ፤ ስም ጠያቂውን ዘበኛ በየደጁ የሚያቆመው እሱ ነውና፣ ዛሬ እሱ ይተኛ፣ በፈንታው ባሽ የሚባለው ትእዛዝ ተቀባይ ይነሣ ማለት ነው። እልፍኝ አስከልካዩ ሳይነቃ እኛ አልጋው አጠገብ ደረስን። ሩት የቀድሞ ቃሉን አይጠየቅም፤ ማሽኑ አዲሱን 2 ጊዜ አስጽፎ ተቀበለን፤ ሁሉም 5 ደቂቃ አልፈጀም።

«ሌባ ቢሆንስ?» አልሁት።

«ሌባማ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠ አበቃ» አለኝ። ቁልፉን የጣለ ባለቤትና ሌባ በአንድ መስኮት ይገባሉ ማለት ነው። ዲስኩን በዚያው ቃል መስጥሬው ቢሆን ኖሮ ግን ጽሑፌ ሁሉ ከቃሉ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ ስንፍናዬ እኔን ማዳኑ ይህ የመጀመሪያው አይደለም።

ጥላው ብቻ የቀረ ቃል ግን በሙከራ ብዛት የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ሊኑክስ በአምሳሉ የተሠራበትን ዩኒክስን በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ የጀመረው የዚያው ቶምፕሰን ቃል፣ ጥላው ባረጀ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ በ2019 ተፈታ፤ 8 ፊደልና ምልክት ብቻ የነበረው ይህ ምሥጢርም የቼዝ መክፈቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከንግሥቲቱ ፊት ያለው ወታደር ከ2ኛው ቤት ወደ 4ኛው ይሂድ የሚል። እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝ። በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ (ዛሬ ልጆች የቍጥር ማውጫ በሚመስላቸው) ወታደር 2 ቤት መራመድ አይፈቀድለትም፤ ንግሥትም የለችም፣ በስፍራዋ ያለው ፈርዝ ነው፤ ስለዚህ ያ ቃል በቀዩ ጨርቅ ገበታ ላይ ቢሰነዘር፣ ዙሪያውን ከቦ ሁለቱንም ተጫዋቾች የሚመክረው ተመልካች ሁሉ በአንድ ድምፅ በጮኸ ነበር። ግን ደግሞ ወረራ አለ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነላቸው ሠራዊታቸውን የሚያሰልፉበት ጊዜ። በወረራ ወታደሩ አንድ አንድ እያለ 4ኛው ቤት ቢደርስ ከሳሽ የለውም። የእህቴ ልጅ ያደረገውም፣ እንደኔ እንደኔ፣ ወረራ ነው፤ ዘበኛው ሳይሰለፍ፣ ተራ የሚባል ነገር ሳይጀመር ቀድሞ ገባ።

ይህን ብነግረው፣ «ወረራ ምንድን ነው?» አለኝ፤ በስልኩ ቼዝ ሲጫወት የሚያመሽ ልጅ ነው። የአባቴ ቀይ ጨርቅ በሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ከጠጠሮቹ የጎደለው አንድ ፈረስ ብቻ ነው። ወረራ የሚያውቅ አንባቢ ካለ ፈረስ ይዞ ይምጣ፤ የፊደላቱ ጥቅል ከጨዋታው በኋላ ይጫናል።