የቡና መኪናዬና እኔ

አንባቢ ሆይ፤ ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ቤት ስምንት ዓመት ብትኖር ጠባዩን ሁሉ ታውቀዋለህ። የሚወደውንና የሚጠላውን፣ የሚያኮርፍበትንና የሚታረቅበትን ሰዓት ትለየዋለህ። ከዕቃም ጋር ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። እኔ ከአንዲት የቡና መኪና ጋር ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። በዚህም ጊዜ ውስጥ እኔ የሷን ጠባይ ሳጠና፣ እሷ ደግሞ የኔን ጠባይ ገልጣ አሳየችኝ። ዛሬ የማጫውትህ ይህንኑ ነው።

«የቡና መኪና» ስልህ፣ በየቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተቀምጣ በእንፋሎት የምትጮኸዋን ትልቋን ማለቴ አይደለም። የኔዋ ቁመቷ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ የሞቀውን ውሃ በተፈጨ ቡና ላይ ጠብ ጠብ እያደረገች የምታጠልል የቤት ዕቃ ናት።

በ2009 ዓ.ም. ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪነት ተቀጠርሁ። ጉለሌ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀን እሠራ፣ ማታ እማር ነበር። ታላቅ እኅቴ በዚያን ጊዜ ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን በስልክ ስንነጋገር፣ «እታለም፤ መጽሐፍ ስገልጥ ዓይኔ ይከደንብኛል፤ እንቅልፍ አስቸገረኝ» አልኋት። ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ መንገደኛ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው መኪናይቱ ናት። በላይዋም ላይ «ቡና ለማፍላት ጊዜ እንዳይጠፋብህ፤ እየጠጣህ አጥና» የምትል ቁራጭ ወረቀት ነበረች።

ወዲያው ልሰካት ብል አልሆነም። የዱባይ ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ የኛ ሶኬት ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። አዳፕተር ገዝቼ ነገሩ በዚሁ ተፈታ። ከአሜሪካ የመጣች ብትሆን ኖሮ ግን ጉዳዩ በአዳፕተር ብቻ አያልቅም ነበር። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የኛ 220 ቮልት ስለሆነ፣ ያለ ትራንስፎርመር የሰካት እንደሆነ ማሞቂያዋ ከተሠራችበት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ተሸክማ ትቃጠላለች። አንተም ከውጭ አገር ዘመድ ዕቃ ቢልክልህ፣ ከመሰካትህ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ።

ውስጧ ውሃ የሚገፋ ሞተር ያለ መስሎኝ ነበር፤ የለም። ከኋላዋ ቀዝቃዛ ውሃ የሚጨመርበት ጎድጓዳ ቦታ አላት። ውሃው ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወርዶ በማሞቂያው በኩል ሲያልፍ ይፈላና የእንፋሎት አረፋ ያወጣል። ወደ መጣበት እንዳይመለስ አንዲት ትንሽ መዝጊያ ትከለክለዋለች። መሄጃ ያጣው አረፋ ውሃውን ተሸክሞ በሌላ ቱቦ ሽቅብ ይወጣና በቡናው ላይ ያፈሰዋል። ያ እንደ ማንኮራፋት ያለው ድምፅ የዚህ አረፋ ድምፅ ነው። ያው ማሞቂያ ከበታች ሆኖ ማንቆርቆሪያው የተቀመጠበትን ብረት ያግላል። እንግዲህ አንድ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

የዚህ ጥበብ መነሻ ከአንዲት የቤት እመቤት ጓዳ ነው። ሜሊታ ቤንትዝ የተባለች የጀርመን አገር ሴት፣ በድሬስደን ከተማ የምትኖር፣ በቡናዋ ውስጥ ያለው አተላ ቢያስመርራት፣ የናስ ዕቃ በምስማር በሳስታ ከልጅዋ ደብተር የተቀደደ ቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበትና ቡናዋን አጠለለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 ፓተንት ተሰጣት። በ1954 ደግሞ ጎትሎብ ቪድማን የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አወጣ። ከ1972 ጀምሮ በአሜሪካ «ሚስተር ኮፊ» የሚባለው ዓይነት ለገበያ ቀርቦ በየቤቱ ገባ።

ወደ ራሴ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን ቡናዬ የጠረጴዛ ልብስ አበላሸ። ምክንያቱም አከራዬ በሙቀጫ የወቀጡትን ቡና ጥቂት ለምኜ ነበር። ለጀበና የሚወቀጥ ቡና እንደ ዱቄት የላመ ነው። በጀበና ሲፈላ አተላው ይዘቅጣል እንጂ በወረቀት አያልፍም። በኔዋ መኪና ግን የላመው ዱቄት የወረቀቱን ቀዳዳ ደፈነው። ውሃው ከላይ ይመጣል፣ ከታች አይወርድም፤ በመጨረሻ ሞልቶ በጎን ፈሰሰ። ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤት ሄጄ ከፍ ብሎ፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ እንዲፈጭልኝ ማዘዝ ተማርሁ። መጠኑንም ተማርሁ፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ55 እስከ 60 ግራም ቡና ይበቃል።

ሙቀቱን በሚመለከት አዲስ አበቤዎች ዕድለኞች ነን። ቡና ለማጥለል የሚስማማው የውሃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ወረቀቱ ባለቀብኝ ጊዜ ከአቡጀዲ ሰፍቼ፣ በፈላ ውሃ ቀቅዬ ተጠቀምሁበት። በሁለተኛው ዓመት መኪናይቱ አረጀች መሰለኝ፤ በአሥር ደቂቃ የምትጨርሰው ሃያ ደቂቃ ይፈጅባት ጀመር። ልጥላት ስል አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዳጄ ሳቀብኝ። «ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በሷም ቱቦ ውስጥ ተጋግሯል» አለኝ። አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ግማሹን አሳለፍሁ፤ አጥፍቼ ሃያ ደቂቃ ቆየሁና የቀረውን አሳለፍሁ። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ካጠብኋት በኋላ እንደ ልጅነቷ ሆነች። ሌላም ነገር ልንገርህ፤ የተጠለለውን ቡና በጋለው ብረት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትተወው፤ ይመርራል።

እስከዚህ ያወራሁልህ ስለ መኪናይቱ ነው። አሁን ስለ ሰውየው ላውራ።

አከራዬን ግቢው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። ማታ ማታና እሑድ እሑድ ቡና ሲደርስ ልጃቸው በየበሩ እየዞረች ትጠራለች። መኪናይቱ ከመምጣቷ በፊት ሁልጊዜ እሄድ ነበር። ከመጣች በኋላ ግን ልጅቱ ስትጠራኝ «ጠጥቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። አልዋሸሁም፤ ጠጥቻለሁ። በሒሳብም ትክክል ነበርሁ። የእትዬ ቡና ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ የኔ አሥር ደቂቃ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደማተርፍ በደብተሬ ጫፍ ላይ አስልቼ ጽፌ ነበር። ልጅቱም ጥቂት ወራት ከጠራችኝ በኋላ በበሬ ማለፏን ተወች። እኔም «ጎሽ፤ ሰላም አገኘሁ» አልሁ።

በግቢው ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ነበሩ። ሥራ ፈልጌ በምንከራተትበት ጊዜ የማመልከቻ ደብዳቤዎቼን በቀይ እስክርቢቶ እያረሙ ይመልሱልኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ሦስት ጊዜ ያረሙት ደብዳቤ ነው ዛሬ ያለሁበት ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. አንድ ማታ ከትምህርት ስመለስ በደጃፋችን ድንኳን ተተክሎ አየሁ። በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ፣ «የማን ለቅሶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዘበኛው ትክ ብሎ አየኝና «እንዴ! አንተ እዚህ ግቢ አይደለህም እንዴ የምትኖረው?» አለኝ።

መምህር ሌሊት አርፈው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀብረዋል። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ቀብሩ ላይ አለመገኘቴ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታመው ተኝተው ኖሯል። ግቢው ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠይቃቸው ነበር፤ አንዱ ሾርባ፣ አንዱ መድኃኒት ያመጣላቸው ነበር። ማን ምን ቀን እንደሚሄድ የሚመከረው በእትዬ ቡና ላይ ነው። እኔ ከሳቸው በር ሃያ እርምጃ ርቄ፣ መኪናዬ እያንኮራፋችልኝ፣ ለፈተና አጠና ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እትዬ ምንም አላሉኝም። ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥሁ። አንባቢዬ፤ ዝም ከሚሉህ ቢቆጡህ ይሻላል።

በዚያው ዓመት ለገና እኅቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ አግኝታ መጣች። መኪናይቱ ንጹሕ ሆና፣ አብረቅርቃ በጠረጴዛው ላይ ስላየቻት ደስ የሚላት መስሎኝ፣ እንዴት እንደያዝኋት፣ ስንት ሰዓት እንዳተረፈችልኝ አጫወትኋት። የመምህርንም ነገር አልደበቅኋትም። እኅቴ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ እሷ ዱባይ በምትሠራበት ቤት እንዲህ ያለች መኪና እንዳለች፣ በየማለዳው ለቤቱ ሰዎች አጥልላ እንደምታቀርብ፣ እነሱ ጠጥተው ሲወጡ በማንቆርቆሪያው የቀረውን ጓዳ ውስጥ ቆማ እንደምትጠጣ ነገረችኝ። ከዚያም፣

«እኔ እዚያ ብቻዬን የምጠጣው ሰው አጥቼ ነው። አንተ ምን ጎድሎህ ነው?» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ማታውን ልጅቱ ለእንግዳዋ ክብር ስትል በበራችን መጥታ ጠራችን። ከእኅቴ ኋላ ኋላ እየሄድሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ገና ከእትዬ ቄጤማ ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚህ በኋላ መኪናይቱን ጣልኋት ብዬ የምነግርህ ከመሰለህ ተሳስተሃል። ምን አድርጋ? በደል የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም አንድ ቀን ሳጥባት በማንቆርቆሪያው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ልብ ብዬ አየሁት። ከ2 ይጀምርና 4፣ 6፣ 8 እያለ እስከ 10 ይደርሳል። ያም በፈረንጅ ትልቅ ስኒ ነው፤ በኛ ስኒ ቢቀዳ ከዚያ ይበልጣል። የሠሯት ሰዎች ለአሥር ሰው አስበው ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «2» ከሚለው መሥመር አልፌ ውሃ ሞልቼባት አላውቅም።

አንድ እሑድ ከጧቱ ሙሉውን አጥልዬ ወደ እትዬ ቤት ይዤ ገባሁ። እትዬ ቀመሱና፣ «አቦሉ ነው ወይስ በረካው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም ሳቀ። እውነታቸውን ነው፤ ወረቀቱ የቡናውን ቅባት ስለሚያስቀር ከጀበናው የሳሳ ነው። ካፌስቶል የሚባለውና የደም ኮሌስትሮል የሚጨምረው ነገር ያለው በዚያ ቅባት ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪም የከለከላቸው አንድ ጎረቤት የኔን ቡና መረጡ። እትዬ ግን እስከ ዛሬ «የልጁ ሻይ» ይሉታል።

በሚቀጥለው ዓመት በግቢያችን ሌላ ለቅሶ ደረሰ። በዚህን ጊዜ በመጀመሪያው ሰዓት ሰማሁ። መኪናዬን ተሸክሜ ወጣሁና ከትልቁ ጀበና ጎን አስቀመጥኋት። አራት ጊዜ ሙሉውን አጠለለች። በአምስተኛው መብራት ጠፋና ከነማንኮራፋቷ ቀጥ አለች። እትዬ ከሰሉን እያራገቡ፣ «አይዞህ፤ የኛዋ አለች» አሉኝ።

አሁን እንዲህ ተስማምተናል። ጧት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ለራሴ በመኪናይቱ እጠጣለሁ፤ አንበሳ አውቶቡስ የእትዬን በረካ አይጠብቅምና። ማታ ግን መኪናይቱ ታርፋለች። የማታ ትምህርቴንም ጨርሻለሁ፤ የፈራሁት አልደረሰም፤ ቡናው ላይ የጠፋው ሰዓት ከፈተና አልጣለኝም።

አንተም፣ አንቺም እኅቴ፣ በአንዲት ክፍል ተከራይታችሁ ቀን የምትሠሩ ማታ የምትማሩ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ብታገኙ በደስታ ተቀበሉ። ቡናውን ከፍ አድርጋችሁ አስፈጩ፣ በየሦስት ወሩ በአቼቶ እጠቡ፣ ስትጨርሱ ስፒናውን ንቀሉ። ለራሳችሁ ስትጠጡም የጎረቤት ጥሪ በራችሁን አልፎ እንዳይሄድ ጆሮ ስጡ። አንድ ጊዜ ማለፍ ከለመደ በኋላ መልሶ ማምጣቱ ከባድ ነው።

የመኪናይቱ እጀታ ተሰብሮ በማጣበቂያ ተይዟል፤ ማንቆርቆሪያዋም ሁለተኛዋ ነው። አሁን ይህን ስጽፍልህ ከጎኔ ጠፍታ ተቀምጣለች። የእትዬ ልጅ ደግሞ በየበሩ እየዞረች ትጣራለች፤ ወደኔ በር ቀርባለች። እንግዲህ ደኅና ሁን፤ ልነሣ።